የቀትር ውሃ

ደመና የሚል ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ውስጥ የወቅት ትንበያ ባለሙያ ናት፤ መጪው ክረምት እንዴት ሊሆን እንደሚችል፣ የት ዝናብ ሊበዛ የት ሊጎድል እንደሚችል ከወራት በፊት የምታጠና ሴት። ያሰጣችው ልብስ በዝናብ የተመታባት ጎረቤት ሁሉ በአጥር ብቅ ብላ "ምነው ደመና፣ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ምን ነበረበት?" ትላታለች። እሷም "የእኔ ሥራ የወራቱን እንጂ የዛሬ ከሰዓትን መተንበይ አይደለም" እያለች ትስቃለች። ባሏ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው። "እሷ ይጠፋል ትላለች፣ እኔ አመላልሳለሁ፤ አንድ ድርጅት ነን" እያለ ይቀልዳል። ልጅ አልወለዱም። ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው እናቷ ናት።

እናቷ የመርሳት ሕመም ከያዛት ቆይቷል። አንዳንድ ቀን አማቿን ትክ ብላ አይታ "አንተ ሰውዬ፣ ማን ነህ?" ትለዋለች።

"ሹፌር ነኝ እማማ። የት ላድርስዎ?"

"አይ፣ ዛሬስ የምሄድበት የለኝም።"

"እንግዲያው ሞተሩን ላጥፋው" ይልና ይቀመጣል። ሦስቱም ይስቃሉ። ከማልቀስ ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሊገባ ወራት ሲቀሩት፣ ሰው ገና ስለ ዝናብ ማውራት ሳይጀምር ነው። ደመና ከሥራ ስትመለስ ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆ ፈልጋ አጣች። ብርጭቆው ሁሉ፣ ድስቱ ሁሉ፣ የአበባ ማስቀመጫው፣ የስኳር ዕቃው፣ የባሏ የምሳ ሳህን ሳይቀር እስከ አፋቸው ተሞልተው በኮሪደሩ ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። እናቷ እጇ እስከ ክርኗ ርሶ፣ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው ቆማ ታያቸዋለች።

"እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?"

"ውሃው ሊጠፋ ነው።"

"ማን አለሽ?"

"ልጅቷ ናታ።"

"የቷ ልጅ?"

እናቷ አፏን ከፈተች፤ ግን የያዘችው ሐሳብ ከእጇ ያመለጣት ይመስል፣ ወዲያው ፊቷ ባዶ ሆነ። "እንጃ" አለች። "እርቦኛል።"

ደመና ውሃውን መልሳ ደፋች። በማግስቱ ደግሞ ዕቃው ሁሉ ተሞልቶ ጠበቃት። ባሏ ኮሪደሩን በጣቱ ጫፍ እየተራመደ "ቦቴውን እዚህ ባራግፈውስ ምን ይመስልሻል?" አለ። ደመና ግን ያን ዕለት አልሳቀችም።

ቅዳሜ ቤት ዋለች። ቀትር ላይ እናቷ ከክፍሏ ወጥታ፣ ከመደርደሪያው ሥር አሮጌ የቆርቆሮ ኩባያ አንሥታ፣ ውሃ እስከ ጠርዙ ሞላች። ስትራመድ የምትንገዳገደው ሴትዮ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ወደ ጓሮ በር ሄደች፤ ኩባያውን ደረጃው ላይ አኖረች፤ በሩን ዘግታ ገብታ ተኛች።

ጓሮው ከቤቱ ውስጥ ካልሆነ በቀር መግቢያ የለውም። ዙሪያው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግንብ ነው፤ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከልብስ ማስጫው ገመድ በስተቀር ምንም የለበትም።

ደመና ሳህኗን አጥባ ስትጨርስ በሩን ከፈተች። ኩባያው ባዶ ነበር። ወድቆ ሳይሆን፣ ሆን ተብሎ በአፉ ተደፍቶ ነው የተቀመጠው። አንሥታ አየችው፤ ሥሩም ዙሪያውም ሲሚንቶው ደረቅ ነው። ድመት ይሆናል ብላ አሰበች። ድመት ኩባያ ትገለብጣለች፤ ከጠጣች በኋላ ግን ትክክል አድርጋ በአፉ አትደፋም።

እናቷ አልተኛችም ነበር። ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች።

"እማዬ፣ ያን ውሃ ማን ጠጣው?"

"ሚጢጢ ናታ።"

"ሚጢጢ ማናት?"

"እህቴ። ስትጨርስ ትደፋዋለች፤ ምንም እንዳላስቀረችልኝ እንዳውቅ።" እናቷ በዝግታ ሳቀች። "ተንኮለኛ ናት።"

ደመና በዕድሜዋ ሁሉ እናቷ እህት እንዳላት ሰምታ አታውቅም። የምታውቀው አንድ አጎት ነው፤ ሌላ ከተማ የሚኖር ጡረተኛ። በዚያው ዕለት ደወለችለት። ስለ ጤና፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ኑሮ ውድነት ካወሩ በኋላ "ጋሼ፣ ሚጢጢ የምትባል እህት ነበረቻችሁ?" አለችው።

አጎቷ ከኋላው ይሰማ የነበረውን ሬዲዮ አጠፋው።

"ማን ነገረሽ?"

"እማዬ።"

"እናትሽ ያን ስም ካፏ አውጥታው አታውቅም። ቤታችን ውስጥ መጥራት ክልክል ነበር፤ እናታችን ስለማትችለው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ታናሻችን ናት። ድርቁ የገባ ዓመት ነው። ከብቱ አለቀ፣ ጉድጓዱ ደረቀ፣ አባታችን ይዞን ተነሣ። በእግር ነው። አንድ ሜዳ ነበር፣ ዛፍ የለው፣ ድንጋይ የለው፣ እንደ መዳፍ የተዘረጋ። ቀትር ላይ ከፊታችን ውሃ ታየን። ሁላችንም አየነው። አባታችን 'የፀሐይ ውሸት ነው፣ እንዳታምኑት' አለ። ሚጢጢ ግን 'ውሃ! ውሃ!' እያለች ሮጠች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ገባችበት።"

"ምን ማለትዎ ነው፣ ጋሼ?"

"እግሯ ሲረጭ አየሁ፣ የእህቴ ልጅ። ውሃው ጉልበቷ ጋ ደረሰ፣ ወገቧ ጋ ደረሰ። ከዚያ የለችም። ሜዳ ነው እኮ የምልሽ! እያየናት ሄደች፣ እያየናት ጠፋች። አባታችን እዚያ ደርሶ መሬቱን በእጁ ቧጠጠው። አቧራ ነው። ኮቴዋ እንኳ ከመሀል ላይ ተቆርጧል። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ነው እላለሁ። ልጅ ብዙ ያያል። እናትሽ ግን ከእኔ ከፍ ትላለች፤ እሷም ያየችው ይህንኑ ነው።"

ደመና ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለረጅም ጊዜ በእጇ ይዛው ተቀመጠች። የተማረችው ስለ ሙቀትና ስለ ብርሃን መታጠፍ ነው፤ ትኩስ አየር ከመሬት ላይ ሲንተከተክ ሰማዩን አውርዶ መሬት ላይ እንደሚያሳይ ጠንቅቃ ታውቃለች። ለአጎቷ ይህንን ልትነግረው ትችል ነበር። ግን ምን ይጠቅመዋል?

መሥሪያ ቤቷ በዚያው ሰሞን የክረምቱን ትንበያ ለማውጣት ተፍ ተፍ ይል ነበር። ኃላፊያቸው ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ሠራተኛው ከኋላቸው "አቶ ምናልባት" ይላቸዋል፣ ያለዚያ ቃል ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርሱ። ምሳ በላን ለማለት እንኳ "ምናልባት በልተናል" ይላሉ ተብሎ ይቀለዳል። የዚያ ዓመት ነገር ግን ለማንም የሚያስቸግር ነበር። ዝናባችንን የሚወስነው የሩቁ ውቅያኖስ ሙቀት ወደ ድርቅ ማዘንበል ጀምሯል፤ ቢሆንም ቁርጡ አልታወቀም። ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ያሰላው ውጤት እርስ በርሱ አልተስማማም። ለቆላው ክፍል ግማሽ ያህሉ ዝናቡ ከመደበኛ በታች ይሆናል ይላል፤ የቀረው መደበኛና ከመደበኛ በላይ በሚለው መካከል ተከፋፍሏል።

"'ለመደበኛ የተጠጋ' እንበለው" አሉ ኃላፊው። "ምናልባት በዚህ አንሳሳትም።"

"አንሳሳትም፤ ማንንም ደግሞ አናስጠነቅቅም" አለች ደመና።

"አንቺ ልጅ፣ ያን ጊዜ ድርቅ ይመጣል ብለን ሰው ከብቱን በርካሽ ሸጦ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ የወረደብንን ስድብ ረሳሽው? እኔ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።"

"አልረሳሁትም። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ነው።"

"ጅቡ ሳይመጣስ ውሻው ቢጮኽ?"

"ያን ጊዜማ ሰው የሚያጣው እንቅልፉን ነው።"

ኃላፊው ፈገግ አሉ፤ ግን አልወሰኑም። "እንደገና እዪውና ንገሪኝ" ብለው አሰናበቷት።

እንደገና አየችው። ያው ነው። የጨነቃት ሌላ ነገር ነበር፤ ሰንጠረዡ ላይ ስታፈጥ ዓይኗ ውስጥ የሚመጣው ያ የተደፋ ኩባያ ነው። አስጠንቅቂ የሚላት መረጃው ነው ወይስ ኩባያው? የምትሰማው ማንን ነው? ልታጣራ ብላ በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ቀትር ላይ ቤቷ ተገኘች።

ኩባያውን በብርጭቆ ለወጠችው። እናቷ ያንኑ ሞልታ ደረጃው ላይ አኑራው ገባች። ደመና በጓሮው በር መስታወት በኩል ቆማ ጠበቀች። ፀሐይዋ ከአናት ላይ ስለሆነች ጥላ የሚባል ነገር የለም። ግንቡ ነጭ ነው፣ ሲሚንቶው ነጭ ነው፤ የልብስ ማስጫው ገመድ እንኳ ጥላ አልጣለም። የሰፈሩ ድምፅ ሁሉ ጠፍቷል። ውሃ በፀሐይ ምን ያህል እንደሚተን ታውቃለች፤ ቀኑን ሙሉ ቢሰጣ የጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም።

ውሃው ዝቅ አለ።

ከጠርዙ ወደ ታች፣ በአንድ ጉንጭ ልክ። ቆመ። ደግሞ ዝቅ አለ። ቆመ። የጠማው ልጅ እየጠጣ መሀል መሀል ላይ ትንፋሽ ለመሳብ ቆም እንደሚለው። ብርጭቆው ከቦታው አልተነቃነቀም። ደመና ትንፋሿን ውጣ ስታይ ውሃው ከግማሽ አለፈ፤ ሥሩ ላይ ጥቂት ብቻ ቀረ።

"ጨረሰች?" አለች እናቷ ከውስጥ።

ደመና ሳታስበው ዞር አለች። ስትመለስ ብርጭቆው በአፉ ተደፍቷል።

ለባሏ ያየችውን ስትነግረው አልቀለደም። እጁን ግንባሯ ላይ አድርጎ ሙቀቷን ለካ፣ "ሥራ በዝቶብሻል" አለ። "እናትሽን መጠበቅ፣ ቢሮ፣ ሁሉም ባንድ ላይ..." ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ቢሮ ሄዳ ለኃላፊዋ "ከሦስቱ ዕድል ትልቁ ድርቅ ነው። እንደዚያው ብለን እንናገር" አለቻቸው። ስለ ብርጭቆው አንድም ቃል አላወጣችም። መረጃውን ከፊታቸው ዘርግታ፣ የትኛው ክፍል እንደሚጎዳ፣ አሁን ቢነገር ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስረዳች። ሁሉም ከመረጃው የወጣ ነው፤ ሐሰት አልነበረበትም። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ምናልባት..." ብለው ቆሙ። "በይ፣ ልክ ነሽ። አንቺው አንብቢው።"

በሬዲዮ አነበበችው። በቆላው ክፍል ዝናቡ ዘግይቶ ሊገባ፣ ቶሎ ሊወጣ፣ በመካከልም ሊቋረጥ እንደሚችል፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር እንዲዘራ፣ መኖ እንዲቀመጥ፣ ውሃ እንዲጠራቀም። አንድም ቃል ሳትስት ጨረሰች። ስቱዲዮው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የቀረበላትን ውሃ ግን አልነካችውም።

ክረምቱ መጣ። ደመናው በየከሰዓቱ ይሰበሰባል፣ ይጠቁራል፣ ነፋስ ይነሣል፣ ሰው ባልዲውን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ አንድ ሰው "በቃ" ያለው ይመስል ደመናው ይበተናል። በወሩ መጨረሻ መሰብሰቡንም ተወው። ሰማዩ ከሰማያዊነት ወደ ነጭነት ተለወጠ። ወፎቹ ከሽቦዎቹ ላይ ጠፉ፤ መቼ እንደ ሄዱ ያየ የለም። ቧንቧው መጀመሪያ በፈረቃ፣ ከዚያ በሳምንት፣ ከዚያ በጭራሽ ሆነ። ባሏ ፊቱ አቧራ ለብሶ እየመጣ ይተኛል፤ ሳይነጋ ይወጣል። ከተማውን የሚያጠጣው ግድብ ወደ ጭቃ፣ ጭቃው ወደ ቅርፊት ተለወጠ። ውሃ ፍለጋ ቦቴው ከግድቡ ማዶ ርቆ መሄድ ነበረበት።

የሰፈሩ ሰው ከደመና ጋር መቀለድ አቆመ። ጀሪካን ይዛ ከተራ ስትቆም ሴቶቹ ይጠጋጋሉ፤ በእሷና በእነሱ መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል። አንዲት ልብሷ በዝናብ ሲመታ ትወቅሳት የነበረች ጎረቤቷ ልጇን ወደ ጎኗ ስባ "ያልሽው ሆነልሽ" አለቻት።

"እኔ እኮ እንዳይጎዳችሁ ብዬ ነው የተናገርኩት።"

"አውቃለሁ እቴ። አፍሽ ግን ከበደ።"

ከቆላ ደግሞ ባሏ መልእክት ይዞላት መጣ። ከብቶቹን ቀድሞ የሸጠና መኖ ያከማቸ አንድ አርሶ አደር "ለዚያች ሴትዮ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ቤተሰቤ የተረፈው በእሷ ነው" ብሎ ነበር። ደመና ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ሲገባ ብርድ ብርድ አላት። ስድቡም ምስጋናውም ዝናቡን በእጇ ይዛ የከለከለች ያህል አድርጎ የሚያያት ሆነባት።

በዚህ ሁሉ መካከል እናቷ የቀትሩን ኩባያ አላቋረጠችም። ውሃው በጀሪካን ሆኖ፣ ፊት መታጠብ ቅንጦት ሆኖ፣ ኩባያው ግን እስከ ጠርዙ ይሞላል። አንድ ቀን ደመና ትዕግሥቷ አለቀ። "አይሆንም እማዬ! ለእኛም አልበቃንም" ብላ ጀሪካኑን ወሰደችባት። እናቷ ባዶውን ኩባያ ደረጃው ላይ አኑራ ገባች።

ደመና በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከበሩ ወዲያ ድምፅ መጣ። ቀጭን ፍቅፍቅታ ነው። ደረቅ ነገር በቆርቆሮ ላይ ሲሄድ፣ ሲመለስ። ሻካራ ምላስ የኩባያውን ሥር የሚልስ ይመስል፣ ዝቅ ብሎ፣ ሳይሰለች። ደመና ጆሮዋን ያዘች። አልቆመም። በመጨረሻ ጀሪካኑን አንሥታ በሩን ከፈተችና፣ ማንንም ሳታይ፣ ማንንም ላለማየት ዓይኗን ጨፍና ኩባያውን ሞላችው። የፈሰሰው ውሃ እግሯን ሲነካት ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ኩባያውን የምትሞላው እሷው ሆነች።

አንድ ምሽት ባሏ እራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። "ዛሬ መንገድ ላይ..." አለ። "ያ አስፋልት ላይ የሚታየው ውሃ አለ አይደል? ስትጠጊው የሚሸሸው።"

"አዎ።"

"ግድቡ አጠገብ፣ መታጠፊያው ላይ። በየቀኑ አየዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ዛሬ መሀሉ ላይ ልጅ ቆማ ነበር። ትንሽ ልጅ። ፍሬን ያዝኩ። ስጠጋ አልሸሸችም፤ ወደ ግድቡ ገባችና ሄደች። ወርጄ ፈለግሁ፣ የለችም።" ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም። "እጇን እያውለበለበች ትጠራ ነበር። ግን እኔን አይደለም።"

ደመና የአጎቷን ታሪክ ነግራው አታውቅም። ያን ዕለት ነገረችው። ሁለቱም የእናቷ ክፍል በር ላይ ቆመው ትንፋሿን አዳመጡ።

እናትየዋን የሚጠብቅ ጎረቤት ፈለጉ፤ እሺ ያለ የለም። ስለዚህ ደመና የጓሮውንም የፊቱንም በር እየቆለፈች ወደ ሥራ መሄድ ጀመረች። ቀትር ላይ ግን ሮጣ ትመጣለች፣ ኩባያውን ለመሙላት። አንድ ቀን ስብሰባ ረዘመባት። ስትደርስ የፊት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቁልፉ ከውስጥ በኩል ተንጠልጥሏል፤ ጠዋት በሩን ቆልፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው የነበረው ያው ቁልፍ ነው። እናቷ የለችም፤ ነጠላ ጫማዎቿ አልጋው ሥር ናቸው። ኩባያው የለም።

ባሏን ደወለችለት። ነገሩን ሳትጨርስ "የት እንደሆነች አውቃለሁ። መንገዱ ዳር ጠብቂኝ" አላት።

ቦቴውን በፍጥነት ነዳው። ከተማው አልቆ መንገዱ ሜዳውን ሲይዝ ከፊታቸው ያ ውሃ ተዘረጋ፤ እያብለጨለጨ፣ ከቦቴው እኩል እየሸሸ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ መሸሹን ተወና ወደ ግድቡ በኩል ተኛ። ባሏ መኪናውን አቆመ። ዳርቻው ላይ ወጥተው ቁልቁል አዩ።

ግድቡ የተሰነጠቀ መሬት ነው፤ ዓይን እስከሚያየው ድረስ። መሀሉ ላይ አንዲት ነጭ ነገር ነበረች።

"እማዬ!"

ሮጡ። ቅርፊቱ ከእግራቸው ሥር እየተሰበረ ይጮሃል። እናቷ እግሯን ዘርግታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ደመና ልታቅፋት ጎንበስ ስትል ቀዘቀዛት። እናቷ ውሃ በውሃ ሆናለች። ከፀጉሯ ውሃ ይወርዳል፤ ቀሚሷ ሰውነቷ ላይ ተለጥፏል፤ ከጫፉ የሚንጠባጠበውን ስንጥቁ መሬት ይውጠዋል። ዙሪያውን ሁሉ አቧራ ነው። ለዚያ ቦታ የሚቀርበው ውሃ እነሱ የመጡበት ቦቴ ውስጥ ያለው ነው፤ እሱም ተቆልፏል።

ባሏ የእናትየዋን ቀሚስ ጫፍ በጣቶቹ ጨመቀው። ውሃ ወረደ። ወደ ሚስቱ አየ።

"የት ነው የረጠብሽው እማዬ?" አለች ደመና።

"ስንዋኝ።"

"ከማን ጋር?"

"ከሚጢጢ ጋር ነዋ። ጥልቅ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። ጠምቷት አልነበረም ለካ። እዚያ ስንት ውሃ አላት! እኔን ልትጠራ ነው ስትመላለስ የነበረው።" የእናቷ ዓይን ንጹሕ ነበር፤ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። "ነይ አለችኝ። ደስ ይል ነበር፣ ልጄ። መውጣት አልፈለግሁም።"

"ታዲያ... ለምን ተመለስሽ?"

"ልጅ አለኝ አልኳት። ልጄ ቤት ስትመጣ ታጣኛለች፣ ትደነግጣለች አልኳት።" የደመናን ፊት በርጥብ እጇ ዳሰሰች። "እሺ አለች። ቅር ብሏታል፤ ግን እሺ አለች።"

ደመና እዚያው የተሰነጠቀው መሬት ላይ ተንበርክካ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ባሏ እናትየዋን አቅፎ ሲያነሣ "የት ላድርስዎ እማማ?" ማለት ለምዶበት ነበርና አፉ ላይ መጣበት፤ ግን አልወጣለትም። እንዲሁ ተሸከማት። ወደ ዳርቻው ሲወጡ ማንኛቸውም ወደ ኋላቸው አላዩም።

በማግስቱ ቀትር ሲሆን እናቷ ተኝታ ስለነበር ለኩባያው አልተነሣችም። ደመና በሌላ ኩባያ ውሃ ሞልታ ደረጃው ላይ አኖረች። ሲመሽ ሄዳ ስታየው ሙሉ ነው፤ ለብ ብሏል፣ አቧራ አርፎበታል፣ አንዲት ጉንዳን ሞታ ትንሳፈፋለች። በማግስቱም፣ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ተወችው።

ዝናቡ በወቅቱ ማብቂያ ላይ ጥቂት ጣለ፤ ለእህል አልደረሰም፣ የግድቡን ሥር ግን አረጠበ። በቆላ ብዙ ከብት አለቀ። ቀድሞ የሰሙና የተዘጋጁ ግን ከቀያቸው ሳይነሡ ዓመቱን ገፉት። ቀያቸውን ጥለው የወጡም ነበሩ፤ ደመና መንገድ ላይ ልጅ ይዘው ሲሄዱ ስታይ ባሏን መኪናውን እንዲያቆም ትለምነዋለች፣ ልጆቹንም እጃቸውን እንዲይዟቸው ወላጆቹን ትነግራቸዋለች። ወላጆቹ ምን ነካት ብለው ያዩአታል። ቀትር ላይ በዚያ መታጠፊያ ባሏ ማለፍ ትቷል፤ መንገዱ ቢረዝምበትም ይዞራል። ባልደረቦቹ ሲጠይቁት "ጎማ ይበላል" ይላል።

የሚቀጥለው ዓመት ክረምት ግን እንደ ደንቡ ገባ። ትንበያውም እንደዚያው ነበር፤ ደመና ስታነበው ኃላፊዋ ከጎኗ ቆመው ያለ ምንም "ምናልባት" ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የወረደ ዕለት እናቷ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥታ ተቀመጠች። ጤነኛ ሆና የዋለችበት ቀን ነው። አማቿን በስሙ ጠርታዋለች፤ የጎረቤቱን ልጆች ሁሉ፣ የሞተውን ባሏን፣ የተወለደችበትን ቤት የበር አቅጣጫ ሳይቀር አስታውሳ አውርታለች። ደመና አጠገቧ ቁጭ ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ ጊዜው አሁን ነው ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እማዬ፣ ሚጢጢስ?"

"ማን?"

"እህትሽ።"

እናቷ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች። የረሳ ሰው ፊት አልነበረም።

"እህት የለኝም እኮ ልጄ። እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። እናቴ ከእኛ ሌላ አልወለደችም።" ከዚያ ወደ ዝናቡ ተመለሰችና ፈገግ አለች። "ምነው፣ አንቺም መርሳት ጀመርሽ እንዴ?"

ደመና የዝናቡ ፍንጣቂ እናቷ እግር ላይ ሲደርስ አይታ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋችላትና እጇን ይዛ አብራት ተቀመጠች።